ሰባቱ ቀይ ሳጥኖች

ሰኞ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 4፡15

አሁንም አልወጣም። እኔ ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፎቶ አቶ ሞላ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን። ሦስተኛ ጊዜ። ደብተሬ፣ ዛሬ የማወራሽ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት። የቅርስ መመዝገቢያ ፕሮግራም (ከዚህ በኋላ ፕ/ሙ፤ እጄ ዝሏል)። በግራ የዕቃው ስም፣ በቀኝ ፎቶው። ስሙን ስትጫኚው ፎቶው ይወጣል። አለቀ። የአምስት አብያተ ክርስቲያናት መስቀል፣ ጽና፣ ዘውድ፣ ብራና። ነገ አንዱ ቢሰረቅ ፎቶው ይመሰክራል ተብሎ። ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ። ፎቶው ካልወጣ ግን ምኑ ፕሮግራም ነው? የስም ዝርዝር ነው። ለስም ዝርዝር እስክሪብቶ ይበቃ ነበር።

አቶ ሞላ የሥራ ሂደታችን ባለቤት ነው፤ ድሮ የክፍል ኃላፊ ይባል የነበረው። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልልም፤ አንቺ አትናገሪብኝም።) ከኋላዬ ቆሞ እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ምናልባት ስክሪኑን አቧራ ይዞት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደምችል ዛሬ አወቅሁ።

9 ሰዓት። አገኘሁት! እኔ ስሠራ የኖርኩት ፍላሼን ሰክቼ ነው። ኮምፒውተሬ ፍላሹን «ኢ» ይለዋል፤ ፕ/ሙም ፎቶዎቹን «ኢ» ቤት ሂዶ ይፈልጋል። የአቶ ሞላ ኮምፒውተር ደግሞ ያንኑ ፍላሽ «ኤፍ» አለው። ቤት የቀየረን ሰው በድሮ አድራሻው እንደማንኳኳት። አሁን ፕ/ሙ ፎቶዎቹን ከራሱ ጎን ካለው ፎልደር እንዲፈልግ አደረግሁት። ወጡ። ለአቶ ሞላ አቧራውን ጠረግሁት አልኩት። አመነኝ።

ማክሰኞ ኅዳር 9

ሌላ ጣጣ። ፎቶው ይመጣል፤ ግን መስኮቱን በማውስ ይዘሽ ካልጎተትሽው አይታይም። ስሙን ጫንኩ፣ ባዶ። መስኮቱን ሳብ ሳደርገው ብቅ። ኧረ እንዲህ ያለ ልግመኛ! አቶ ሞላ መፍትሔ አለው፤ ተጠቃሚው እየጎተተ እንዲያይ በሥልጠናው ላይ ይነገረው አለ። ከምሩ ነው።

መቀመጥ አልቻልኩም። ለምሳ ወጥቼ እስከ መናኸሪያው ሄጄ ተመለስኩ። ምሳ ግን አልበላሁም፤ ትዝ ያለኝ ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። እናቴ ይቺ ልጅ የቁንጫ ልጅ ናት ትላለች። ራሷን መስደቧ አይታያትም።

11 ሰዓት። ተፈታ። ፕ/ሙ ፎቶውን ካመጣ በኋላ በል ሳጥኑን እንደገና ሣል የሚለው ይፈልጋል። ያንን ጻፍኩለት። አንድ መስመር! ለአንድ መስመር አንድ ቀን። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ወደ ቤት ስሄድ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጠሁ።

ረቡዕ ኅዳር 10

ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ፎቶዎቹ ግዙፍ ናቸው፤ አሮጌው ማሽን አሥረኛው ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሁሉንም አሳነስኳቸው፤ የጉርድ ፎቶ ሁለት እጥፍ ቢሆኑ ነው። አሁን እንደ ጉድ ይፈጥናል። ፍላሼ ሞልቶ ስለነበር ትላልቆቹን አጠፋሁ። የትላልቆቹ ዋና ቅጂ ያለበት ሲዲ አቶ ሞላ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ሲዲውም ራሱ ቅርስ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ዝም ብዬ እያገላበጥኩ አየሁ። አምስተኛው ደብር ማርያም ናት፤ ከአምበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ገባ ይላል። ትልቅ ብራና አላቸው። ሴት ዕቃ ቤት አትገባምና ያነሳው እንዳለው የሚባል የራሳቸው ዲያቆን ነው። ግማሽ ቀን ካሜራ አስተምሬ ላክሁት፤ እያንዳንዱን ገጽ በተራ አንሣ፣ አንድም እንዳትዘል ብዬ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው፣ ጥቁሩም ቀዩም።

ግን ሥዕል ሊኖርበት የሚገባው ገጽ ላይ ስደርስ ሳጥኑ ቀይ። ምንም የሌለበት ድፍን ቀይ። አለፍኩ። ጽሕፈት፣ ጽሕፈት፣ ከዚያ እንደገና ቀይ። ቆጠርኳቸው፤ ሰባት። በድሮው መዝገብም መጽሐፉ ሰባት ሥዕል አለው ተብሎ ተጽፏል። ፋይሎቹ ተበላሽተው ይሆናል። ነገ አየዋለሁ። ዓይኔ ደከመ።

ሐሙስ ኅዳር 11፣ 8 ሰዓት

ከዚያው ደብር ሁለት ሰዎች መጡ፤ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ደመላሽና ጸሐፊያቸው። ለሌላ ጉዳይ ከተማ ገብተው ኖሮ፣ አቶ ሞላ እስቲ የእናንተን እዩት ብሎ አመጣቸው። ሳይነግረኝ! ቀዮቹን ገና አልነካኋቸውም።

መስቀሉ ወጣ። አሜን አሉ፣ ለስክሪኑ። ጽናው ወጣ። ብራናውን ስከፍተው አቶ ደመላሽ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ቀዩ መጣ። ሥዕሉ የታል አለኝ። የሚቀጥለውን ጫንኩ፤ ቀይ። ሰባቱንም ዞርናቸው። አቶ ሞላ ከኋላ ሆኖ፣ የፕሮግራሙ ችግር ይሆናል፣ ልጅቷ ገና ናት አለ።

ልጅቷ! ገና! ፕሮግራሙ ምንም ችግር የለበትም አልኳቸው። ያለውን ያሳያል፤ የሌለውን ከየት ያመጣል?

አቶ ደመላሽ ጸሐፊውን አየው። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። አቶ ሞላም ትንፍሽ አላለም። እሰይ! አንድ ቀን እንኳ አፉን አስያዝኩት።

ዓርብ ኅዳር 12

ከተማው ጢስ በጢስ ነው። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ያላቃጠለ ደጅ የለም። ዓይኔ ያለቅሳል። በጢሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

ጠዋት ዲ/ን እንዳለው ከአምበር ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። ትናንት ማታ አቶ ደመላሽ አገር ሰብስቦ ኮምፒውተሩ ሥዕሎቹ የሉም አለ ብሏል። ተቆርጠው ተሸጡ ነው ወሬው። ለፈረንጅ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አባ ይበልጣል ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። ቁልፉን ተቀበሏቸው። ዕቃ ቤቱ በማኅተም ታሸገ፤ ከዞን ኮሚቴ መጥቶ ለጽዮን፣ ኅዳር 21፣ ሕዝብ ፊት እስኪከፈት ድረስ ማንም ዝር እንዳይል፤ ማንም ነካ እንዳይባል። ሥዕሎቹ ከሌሉ አባ ይበልጣል ክህነታቸውን ተነጥቀው ለፖሊስ ይሰጣሉ። ሥዕሎቹ የት ናቸው ሲሏቸው በቦታቸው ናቸው ብቻ አሉ። ይማሉ ሲሏቸው አልምልም አሉ።

እንዳለውንም ጠይቀውታል። ስታነሣ ሥዕሎቹን አይተሃል? አላየሁም ብሏል። እውነቴን ነው፣ አላየሁም አለኝ፣ እያለቀሰ። እህ፣ ታዲያ ምን አነሳህ ልለው አፌን ስከፍት ካርዱ አለቀበት። ብደውል ብደውል ዝግ ነው። እነሱ ሰፈር ኔትወርክ የለም።

ኮምፒውተሩ አለ። ኮምፒውተሩ መቼ ተናገረ? እኔ ነኝ ያልኩት። ፋይሎቹ የተበላሹ ይሆናል ብዬ ረቡዕ እዚሁ ላንቺ ጽፌልሻለሁ፤ መልሼ አነበብኩት። እያወቅሁ ነው። አንድ ሰው ገና ናት ስላለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ አሁን በምን እጄ ልመልሰው?

ቅዳሜ ኅዳር 13

ቢሮ ገባሁ፤ ዘበኛው ዛሬም ነሽ አለኝ። አቶ ሞላ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዷል፣ እስከ ማክሰኞ። የመሳቢያው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ፣ ሲዲው መሳቢያው ውስጥ። ትላልቆቹን ከፍላሼ ያጠፋሁት እኔ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ያለኝን ይዤ ሞከርኩ። የመስቀሉን ፎቶ በቀዩ ስም ሰየምኩት፤ በቀዩ ቦታ መስቀል ወጣ። ቀዩን በመስቀሉ ስም ሰየምኩት፤ በመስቀሉ ቦታ ቀይ ወጣ። በሌላ የፎቶ ማያ ከፈትኩት፤ ቀይ። ስለዚህ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ ፎቶው ነው ቀይ። ፕ/ሙ ንጹሕ ነው። እኔም ንጹሕ ነኝ። ንጽሕናዬ እንዲህ ያስጠላኝ ቀን የለም።

ደብተሬ፣ የማፍርበትን ልጻፍልሽ። ዛሬ ፕሮግራሜ እንዲበላሽ ጸለይኩ። ስድስት ወር የለፋሁበት ብልሹ ሆኖ እንዲገኝ። አቶ ሞላ «ልጅቷ ገና ናት አላልኩም?» ብሎ እንዲስቅብኝ። ፕ/ሙ ብልሹ ካልሆነ ሌባው አባ ይበልጣል ናቸዋ።

እሑድ ኅዳር 14

ሄድኩ። ሚኒባስ እስከ አምበር፣ ከዚያ በእግር። ጤፉ ከፊሉ ታጭዷል፣ ከፊሉ እንደቆመ ነው። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አባ፣ ይህን ወሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቃሉ አፌ ላይ ለዝቦ ነበር።

አባ ይበልጣል ደጃቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቀጭን ናቸው፣ አጭር። ውሻው ሲጮህ ተዪው ልጄ፣ አይነካሽም፣ ግቢ አሉኝ። ባለቤታቸው ከበሩ ብቅ ብለው አዩኝና ተመለሱ። ቤቱ ውስጥ ሰው የሞተ ይመስላል፤ ድምፅ የለም።

እና ምን አልኩ መሰለሽ? መንገድ ጠፍቶኝ ነው አልኩ። የአምበር መንገድ በየት ነው አልኩ። ገና የመጣሁበትን! ብድግ አሉ። አይ፣ ይቀመጡ አባ፣ ያሳዩኝ ብቻ ብላቸው አልሰሙኝም። ዱላቸውን ይዘው መገንጠያው ድረስ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት፣ ቀስ እያሉ ሸኙኝ። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ዋሸሁ። እጃቸው በየመሐሉ ወደ አንገታቸው ይሄዳል፤ የቁልፉ ገመድ የነበረበት ቦታ መሆኑ ነው፤ ሲያጡት እጃቸውን መልሰው ጋቢው ውስጥ ይከቱታል። እግዚአብሔር ያግባሽ ብለው ተመለሱ።

ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

ሰኞ ኅዳር 15

መብራት የለም። አቶ ሞላ የለም። ሲዲ የለም። ጾመ ነቢያት ገባ። እናቴ በጾም ቀን እንዲህ አትቁነጥነጪ አለችኝ። በፍስክ ቀንስ መች ተቀምጬ አውቃለሁ?

እንዳለው አልደወለም። የመሳቢያውን ቁልፍ ቀዳዳ በመርፌ ቁልፍ ሞከርኩት። መርፌው ተሰበረ። ዘበኛው አይቶኛል፤ አላየሁም ለማለት ወደ ሰማይ አየ።

ማክሰኞ ኅዳር 16፣ 11 ሰዓት ተኩል

በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሕፈቴን ታገሺኝ።

አቶ ሞላ 8 ሰዓት ላይ ገባ። ሰላም እንኳ ሳልለው ሲዲውን አልኩት። ደንግጦ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ቀይ ከፈትኩ። ትልቁን፣ ዋናውን። ማሽኑ ሲያቃስት ጠበቅሁ። ወጣ፤ ቀይ። ከዚያ አቀረብኩት። እንደገና አቀረብኩት።

ክር!

ክር ነው ደብተሬ። ድርና ማግ። ቀዩ ቀለም አይደለም፣ ጨርቅ ነው። ከላይ ጠርዙ ላይ በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጠራል። ሁለተኛውን ከፈትኩ። ጨርቅ። አምስተኛው ላይ ጨርቁ ከታች ጥግ ትንሽ ተነሥቷል፤ ሥር ጣት የምታክል ሰማያዊ ትታያለች። የጉርድ ፎቶ ሁለት እጥፍ አድርጌ ያሳነስኩት ጊዜ ክሩም ስፌቱም ሰማያዊውም ሟሙቶ ድፍን ቀይ ሆኖ ነው። ያሳነስኩት እኔ!

ዘበኛው የአንድ አምበር ሱቅ ቁጥር ሰጠኝ፤ ደወልኩ፤ ባለሱቁ ሰው ልኮ እንዳለውን አስጠራልኝ። ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ። መጣ። ይህ ቀይ ጨርቅ ምንድነው አልኩት። ጥያቄው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ፣

«መጋረጃው ነዋ! ሥዕሏ ላይ የተሰፋው። እኔ ዲያቆን፣ ያውም በአዘቦት ቀን፣ በምን ሥልጣኔ ልግለጠው?»

በእነሱ ደብር ሥዕሉ መጋረጃ አለው። የሚገልጠው ቄስ ነው፤ የሚገለጠውም በበዓሏ ነው። እያንዳንዱን ገጽ አንሣ፣ አንድም እንዳትዘል አልኩት፤ አልዘለለም። መጋረጃውን አነሳ። አይተሃል ሲሉት አላየሁም አለ፤ ከመጋረጃ በላይ ምን አይቶ? ሊያስረዳ ሲል ጫጫታው ዋጠው። እነ አቶ ደመላሽ መጋረጃውን ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ግን እኔ የለም ካልኳቸው በኋላ ስክሪን ላይ ያለ ቀይ ሳጥን መጋረጃ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? እኔ ደግሞ ስክሪን አውቃለሁ፤ መጋረጃውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ሳቅሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አቶ ሞላ ውኃ አመጣልኝ፤ ይህንንም ልጻፍለት።

ረቡዕ ኅዳር 17

ለአቶ ሞላ ሁሉንም ነገርኩት። አሰበ። እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ አደረገ። ከዚያ ዝም በይ አለኝ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ስለ ፕ/ሙ ጥሩ ሪፖርት ለበላይ ልኳል። አሁን ስሕተት ነበር ብንል መ/ቤቱ ምን ይባላል? እሑድ ዕቃ ቤቱ ይከፈታል፤ ሥዕሎቹ ካሉ ይታያሉ፣ ጉዳዩ በራሱ ያልቃል። ደግሞስ ከመጋረጃው ሥር መኖራቸውን በምን አወቅሽ? መጋረጃ መኖሩ ሥዕል መኖሩን አያሳይም አለ። እዚህ ላይ ልክ ነው። አንዲት ጣት ሰማያዊ ነው ያየሁት። ስድስቱ ተቆርጠው ቢሆንስ?

ቤት ስገባ፣ ሁልጊዜ እንደሚሆንብኝ፣ መልሱ መጣ። ሥዕሎቹ ኖሩም አልኖሩም እኔ የለም ያልኩት ሳላይ ነው። አባ ይበልጣልን የከሰሳቸው ይህ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለም። ከተከፈተ በኋላማ ማንም ይናገራል። ከመከፈቱ በፊት ነው የምናገረው።

ዓርብ ኅዳር 19

አልሠራም፣ አልተኛም፣ አልበላም። ፕ/ሙን ከፍቼ መስቀሉን አያለሁ፣ እዘጋለሁ። አቶ ሞላ እሑድ ከኮሚቴው ጋር በመኪና እንሄዳለን አለኝ፤ ዝም እንደምል እርግጠኛ ነው። እሺ አልኩት። መሄዱን ነው እሺ ያልኩት።

ለእንዳለው መልእክት ልኬ ነበር፤ ለአቶ ደመላሽ ንገረው ብዬ። ነግሮታል። አቶ ደመላሽ፣ ኮምፒውተሩ ካለ በኋላ አንተ ማነህ ብሎ መለሰው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ኮምፒውተርም ይጨመርበት።

እሑድ ኅዳር 21፣ 11 ሰዓት

አሁን ገባሁ። ጫማዬን አላወለቅሁም።

ቅዳሴ አለቀ። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቷል፤ ነጭ በነጭ። አባ ይበልጣል ከካህናቱ ጋር አልቆሙም፤ ከግንቡ ጥግ ብቻቸውን። የደብሩ አለቃ ማኅተሙ ሊሰበር ነው ብለው ተናገሩ። አቶ ደመላሽ ኮሚቴውን አስተዋወቀ፤ ኮምፒውተሩ እንዳጋለጠው አለ። አቶ ሞላ ከጎኔ ነው፤ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

ከሴቶቹ መሐል ወጣሁ። አለቃ፣ ይፍቀዱልኝ አልኩ። ድምፄ እንደ ድመት ሆኖ ወጣ። ከፍ አድርጊ አሉኝ ከኋላ። ከፍ አደረግሁ። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት አልኩ። የሚታየው ቀይ መጋረጃው ነው፤ አሳንሼ ጨርቅነቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ የለም ያልኩት ስለተናቅሁ ነው፤ ለኩራቴ። ሥር ምን እንዳለ እስከ አሁን አላውቅም። ግን አባ ይበልጣልን የከሰሰ መጽሐፉም ኮምፒውተሩም አይደለም፤ የኔ አፍ ነው።

አባ ይበልጣል አዩኝ። የአምበር መንገድ የጠፋባት ልጅ መሆኔን ያወቁ ይመስለኛል። ፊታቸው አልተለወጠም።

ማኅተሙ ተሰበረ። መጽሐፉን በሁለት ሰው አውጥተው አትሮንስ ላይ አኖሩት። አለቃው መጀመሪያውን መጋረጃ ገለጡት።

ነበረች። ሰማያዊ ለብሳ፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ቀለሟ ዛሬ የተቀባ ይመስል። ግቢው በእልልታ ተናጋ። ሁለተኛው፣ እልልታ። ሦስተኛው። እስከ ሰባት እኔም እልል አልኩ፤ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ፤ ከጎኔ የቆመች የማላውቃት ሴት አቅፋኝ ዘለለች።

ከዚያ አንዱ መጋረጃውን ሌባ ብለን ልናስር ነበር አለ። ሳቅ። ሌላው ኮምፒውተሩ ቄስ ሳይሆን ሊገልጥ ፈልጎ ነው አለ። ሳቁ ግቢውን አዳረሰ። አቶ ደመላሽ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ሞላም ሳቀ። እኔም ተንፈስ ብዬ ልስቅ ነበር።

አቶ ደመላሽ ቁልፉን ይዞ ወደ ግንቡ ሄደ፤ በሉ አባ፣ ይኸው፣ የሰይጣን ሥራ ነው፣ እንርሳው አለ። አባ ይበልጣል እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ሳቁ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ።

«ለእናንተ የጠፋው ሥዕሉ ነበር። ተገኝቷል፣ እሰይ። ቁልፉን ለምታምኑት ስጡት» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። መስቀሉን ተሳለሙ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ በሕዝቡ መሐል አልፈው ወጡ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። አጠገቤ ሲያልፉ አንገቴን ደፋሁ፤ አልቆሙም። አቶ ደመላሽ ቁልፉን እንደዘረጋ ቀረ።

በመኪናው ውስጥ አቶ ሞላ በሰላም ስላለቀ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ሪፖርቱ ላይ የቴክኒክ ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል ብሎ ይጽፋል። አልቋል ወይ አልኩት። መስኮቱን ዘጋ።

12 ሰዓት ተኩል።

ለእናቴ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ያንን የመንገዱን ውሸት ሳይቀር። ሽማግሌ እንላክ ትያለሽ አልኳት። ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው፣ እሳቸው መች ተጣሉሽ አለች። ከዚያ በድሮ ጊዜ እንዲህ ያደረገ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆም ነበር አለች።

ነገ ሥራ አልገባም። ለአቶ ሞላ አልነግረውም፤ ሲያጣኝ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሚኒባስ እሄዳለሁ። ቁልፉን ይቀበሉ ብዬ አልለምናቸውም፤ ያ የኔ አይደለም። ማሩኝ ብቻ ነው የምለው። ካልማሩኝ ማክሰኞም እሄዳለሁ።

ድንጋይ ከዚያው መንገድ ላይ አነሣለሁ ስላት እናቴ ተቆጣች። መንገድ ላይማ ሰው ቀላል ቀላሉን ይመርጣል አለች። ጓሮ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ያለውን አንሥቼ አንገቴ ላይ ሞከርኩት። ከበደኝ። ከአምበር ደጃቸው ድረስ አንድ ሰዓት ነው። እሱኑ እወስደዋለሁ።